የፍርሃት ዋጋ የተጨመረበት ሬዲዮ

ቦሌ ሚካኤልን የገበያ ሰው ሁሉ ያውቃታል። ከአውሮፕላን ማረፊያው አጥር ብዙም ሳይርቅ የሶማሌ ሻይ ቤቱ፣ የሞባይል መጠገኛውና የኤሌክትሮኒክስ ሱቁ ተደጋግፈው የሚኖሩባት ሠፈር ናት። በሻንጣ የሚገባ አዲስ ዕቃም ብዙ ጊዜ እዚያ ብቅ ይላል።

ሰሞኑን ከነዚህ ሱቆች በአንዱ ያየሁትን ላውጋችሁ። ባለሱቁ በዕድሜ አባቴ የሚሆኑ ሰው ናቸው። ከመሳቢያቸው ውስጥ በጋዜጣ የተጠቀለለ፣ ፍላሽ የሚያህል ዕቃ አወጡና «አንተ የተማርክ ነህ፤ እስቲ ይህን እይልኝ። ሬዲዮ ነው ብሎ አንድ ደንበኛ ከውጭ አመጣልኝ። ኮምፒዩተሩ ላይ ብሰካው ድምፅ የለው፣ ምን የለው። ተበላሽቷል መሰለኝ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ታዲያ ለምን መስታወቱ ውስጥ አልደረደሩትም?» ብላቸው ሳቅ አሉና «ልጄ፣ ለዚች ዕቃ ብዬ አሥር ዓመት ልታሰር?» ሲሉ መለሱልኝ። ለሚያውቁት ሰው ግን ውጭ ከሚሸጥበት ከእጥፍ በላይ ይሰጡታል።

ዕቃው አልተበላሸም። ለመሆኑ ምንድነው? የድሮው ሬዲዮ ሥራውን ሁሉ የሚሠራው በሆዱ ውስጥ ባሉት ብረቶች ነው። ይኸኛው ግን ከአንቴናው የመጣውን ሞገድ ወደ ቁጥር ለውጦ በዩኤስቢ ለኮምፒዩተሩ ያስረክባል፤ በሴኮንድ ወደ 2.4 ሚሊዮን ናሙና ማለት ነው። የቀረውን ሥራ፣ ጣቢያ መምረጡንም ሆነ ድምፅ ማውጣቱን፣ ሶፍትዌሩ ይጨርሰዋል። በውስጡ ያለው የታይዋኑ ሪልቴክ ኩባንያ ቺፕ የተሠራው ለዲጂታል ቴሌቪዥን መቀበያ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ግን የሶፍትዌር ባለሙያዎች በግምት ከ24 እስከ 1,766 ሜጋ ኸርዝ ያለውን ሞገድ ሁሉ ሊቀበል እንደሚችል ደረሱበት። ቀድሞ ብዙ ሺህ ዶላር ይጠይቅ ከነበረው መሣሪያ ሥራ ከፊሉን የሚሠራ ዕቃ፣ እነሆ ዛሬ ከ30 እስከ 40 ዶላር ይገኛል።

የባለሱቁ ችግር ድራይቨር ነበር። ዊንዶውስ ዕቃውን ሲያገኝ ቴሌቪዥን ነው ብሎ ይይዘዋል። ዛዲግ በሚባል አነስተኛ ነፃ ፕሮግራም ያንን ድራይቨር በሌላ መተካትና ኤስዲአር ሻርፕን የመሰለ ነፃ የሬዲዮ ሶፍትዌር መክፈት ይበቃል። ሩብ ሰዓት አልፈጀም፤ ሸገር 102.1 ጥርት ብሎ ተሰማ። ድምፁ ሲንኮሻኮሽ ዕቃውን በአጭር የዩኤስቢ ገመድ ከላፕቶፑ አራቅነውና ቻርጀሩን ነቀልነው፤ ጸጥ አለ። ጋሼም «ሦስት ሳምንት ሙሉ ሙት ነው ብዬ!» አሉ።

ይህ ጸሐፊ ነገሩን የሚያየው በኢኮኖሚ ዓይን ነው። ብሔራዊ ባንክ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ተመኑን ለገበያ ከለቀቀ ወዲህ ብር ከግማሽ በላይ ዋጋውን አጥቷል። በእንዲህ ያለ ጊዜ አስመጪ ሊፈልገው የሚገባው ዶላሩ ጥቂት፣ እዚህ የሚጨመርበት ሙያ ግን ብዙ የሆነ ዕቃ ነው። ይህ ደግሞ ልኩ ነው። ብረቱ 40 ዶላር ነው፤ ሶፍትዌሩ በነፃ ይወርዳል። ትርፉ ያለው ድራይቨሩን ጭኖ፣ አንቴናውን ልክ አስይዞ፣ ገዢውን አስተምሮ በማስረከቡ ላይ ነው። የኢንጂነሪንግ ተማሪ ለልምምድ፣ የኤፍ ኤም ጣቢያ ቴክኒሺያን ሞገዱ መጥራቱን ለማየት ይፈልገዋል። የርካሹና የደህናው ልዩነትም የነጋዴ ዕውቀት ይጠይቃል። ክሪስታሉ ከሚሊዮን 50 የሚሳሳት ርካሽ ዕቃ በ1,090 ሜጋ ኸርዝ ላይ 54.5 ኪሎ ኸርዝ ይስታል፤ ደህናው ከሚሊዮን አንድ ያህል ብቻ ነው የሚሳሳተው።

ታዲያ ዋጋው ለምን እጥፍ ሆነ? ክብደቱ ከሞባይል ያነሰ ስለሆነ ማጓጓዣ ነው አይባልም። ቀረጥም ብቻውን ይህን አያደርስም። ልዩነቱ የፍርሃት ዋጋ ነው። ፍርሃቱም ከመሬት አልተነሣም። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761 የቴሌኮም መሣሪያን ያለፈቃድ ማስገባትና ለሽያጭ ማቅረብ ከ10 እስከ 15 ዓመት በሚደርስ ጽኑ እሥራትና ከ100 ሺህ እስከ 150 ሺህ ብር በሚደርስ መቀጮ እንዲያስቀጣ ደንግጓል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው የኮሙኒኬሽን አገልግሎት አዋጅ ቁጥር 1148 ደግሞ የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን አቋቋመ፤ የሞገድ ምደባውንና የመሣሪያ ማረጋገጫውንም ለእርሱ ሰጠ። ጥያቄው ይኸውና፦ መቀበል እንጂ ማሠራጨት የማይችል ዕቃ ከየትኛው ወገን ነው? ከቴሌኮም መሣሪያው ወይስ በየቤቱ ካለው ሬዲዮ? መልሱ ለጋሼ በሚገባቸው ቋንቋ ሱቃቸው ድረስ እስካልመጣ ዕቃው ከመሳቢያ አይወጣም።

«አውሮፕላን ማረፊያ አጠገብ እንዲህ ያለ ነገር አደጋ የለውም ወይ?» የሚል አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። አውሮፕላኖች ማንነታቸውን፣ ከፍታቸውንና ያሉበትን ቦታ በ1,090 ሜጋ ኸርዝ ሳይመሰጥሩ ይናገራሉ፤ ይህ ዕቃ ያንን ይሰማል። ነገር ግን በስዊድን እ.ኤ.አ. በ2006 የተጀመረው ፍላይትራዳር 24 ይህንኑ ወሬ ከዓለም ዙሪያ ሰብስቦ ለማንም ሞባይል ላለው ሰው ያሳያል። መቀበያ ሰምቶ ዝም ይላል። የሚያሰጋው አሠራጩ ነው። ሀክአርኤፍን የመሰሉት የቅርብ ዘመዶቹ ከ1 ሜጋ ኸርዝ እስከ 6 ጊጋ ኸርዝ ይቀበላሉም፣ ያሠራጫሉም፤ የሰውን ሞገድ ሊያውኩ ይችላሉ። በእነዚህ ላይ ቁጥጥሩ ቢጠብቅ ይህ ጸሐፊ አይከራከርም። ሁለቱን በአንድ ከረጢት መክተት ግን ቢላዋና መስተዋትን በአንድ ዓይን እንደ ማየት ነው።

ስለዚህ የሚመለከታቸው ክፍሎች አንድ ገጽ ያልበለጠ ዝርዝር ያውጡ፤ መቀበያው እንዲህ፣ አሠራጩ እንዲህ ተብሎ ይለይ፤ ጉምሩክም ያንኑ ይያዝ። ነጋዴውም ቢሆን እጁን አጣጥፎ መጠበቅ የለበትም። ዕቃውን ከማዘዙ በፊት ሞዴሉንና የፋብሪካውን መግለጫ አያይዞ ባለሥልጣኑን በጽሑፍ ይጠይቅ፤ የተሰጠውን መልስም ከደረሰኙ ጋር ያኑር። ብቻውን ከሚሄድ አሥር ሆኖ ቢጠይቅ ይሻለዋል። ፈቃድ ሳይገኝ በሻንጣ አሥርና ሃያ ይዞ መግባት ግን ንግድ ሳይሆን ቁማር ነው፤ በቁማሩ የሚያዘው ደግሞ ገንዘብ ብቻ አይደለም።

ከመጠምጠም መማር ይቅደም ይላሉ አበው። ጋሼ ዕቃውን መልሰው በጋዜጣ ጠቀለሉት። የሚሠራ መሆኑን አሁን አውቀዋል፤ መሸጥ ይቻል እንደሆነ ግን ገና አልነገራቸውም የሚነግር።