ረጅም ዕዳና የባልንጀራ ድጋፍ

ንግድ ያለ ብድር፣ ብድርም ያለ እምነት እንደማይቆም የታወቀ ነው። ዕቃ በዱቤ ይወሰዳል፤ ገንዘብ በወረቀት ወይም በቃል ይሰጣል፤ ቀኑ ሲደርስም ይመለሳል። ሆኖም አንዳንድ ጊዜ ገበያ ይከዳል፤ ዕቃ በመንገድ ይጠፋል፤ የታመነ ደንበኛ ይሰወራል፤ ወይም በቤት ውስጥ ሕመም ይገባና በአንድ ዓመት ያልቃል የተባለው ዕዳ አምስትና ዐሥር ዓመት የሚጎተት ይሆናል። ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው እንዲህ ያለ ዕዳ የወደቀበትን ሰው ነው፤ ይኸውም ለመካድ ያላሰበውን፣ በአንድ ጊዜ ለመክፈልም ያልቻለውን፣ ነገር ግን በየወሩ ጥቂት ጥቂት እየቀነሰ ስሙን ለማዳን የሚታገለውን ነው። ይህን ሰው ብቻውን መተው ለእርሱም፣ ለባለገንዘቡም፣ ለገበያውም የማይጠቅም መሆኑን ማስረዳት ተገቢ ነው።

በቀድሞ ዘመን ባለዕዳውና ባለገንዘቡ በአንድ ሰንሰለት ታስረው፣ ዕዳው እስኪከፈል ወይም ዋስ እስኪገኝ ድረስ አብረው ይውሉ፣ አብረው ያድሩ ነበር። ይህም ቁራኛ ይባል ነበር። ሰንሰለቱ ከቀረ ብዙ ዘመን ቢሆነውም ቃሉ ግን እስከ ዛሬ አልቀረም፤ በዕዳ የተያዘ ሰው «የዕዳ ቁራኛ ሆነ» ይባላል። ሥርዓቱ ጨካኝ እንደ ነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን አንድ ነገር ነበረው፤ ዕዳው የሁለት ሰዎች ጉዳይ ሆኖ በአደባባይ ይታይ ነበር፤ መንገደኛውም አይቶ ያስታርቅ ወይም ዋስ ይሆን ነበር። የዛሬው ባለዕዳ ግን የታሰረው ብቻውን ነው፤ ሰንሰለቱም አይታይም።

የማይታይ በመሆኑም ይጸናል። ባለዕዳው ባለገንዘቡ የሚያልፍበትን መንገድ ይለውጣል፤ ስልኩን ይዘጋል፤ የመጀመሪያውን ለመክፈል ከሁለተኛው፣ የሁለተኛውን ለመክፈል ከሦስተኛው ይበደራል። ሚስቱ የሱቁ ገቢ ወዴት እንደሚሄድ አታውቅም። ሚስትም ተበዳሪ በሆነች ጊዜ ባል እንደዚሁ አያውቅም። ብዙ ቤተ ሰብ የዕዳውን ልክ የሚሰማው አባወራው በአልጋ ላይ ሆኖ ሲናዘዝ ነው። ያለባቸውንና ያላቸውን ገንዘብ በኑዛዜ መናገር የቆየና የተመሰገነ ልማድ ነው፤ ነገር ግን እውነቱን ለመናገር ሞትን መጠበቅ ለምን ያስፈልጋል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የተባለው ለሥጋ ሕመም ብቻ አይደለም።

የመድኃኒቱ ዓይነት ከሩቅ አገር የሚመጣ አይደለም። በዕቁብ ውስጥ ይገኛል። አርባ አባሎች በየሳምንቱ 5,000 ብር የሚጥሉበትን ዕቁብ እንመልከት ቢባል፣ የመጀመሪያው ዕጣ የወጣለት ሰው 200,000 ብር ተቀብሎ ይሄዳል። ከዚያች ቀን ጀምሮ የ39 ሳምንት፣ ማለት የ195,000 ብር ባለዕዳ ነው። ይሁን እንጂ ባለዕዳ ተብሎ አይጠራም፤ አያፍርም፤ አይሰወርም። ቀኑ ሲደርስ ይመጣል፣ ይጥላል፣ ቡናውን ጠጥቶ ይሄዳል። ለምን ቢባል፣ ቀኑ የታወቀ ነው፤ ልኩ የታወቀ ነው፤ ጸሐፊው በመዝገብ ይጽፋል፤ ዳኛው ያያል፤ ዋሱ ይጠብቃል፤ ከሁሉም በላይ ደግሞ አጠገቡ የተቀመጡት ሁሉ እንደ እርሱ ከፋዮች ናቸው። ይኸው ሰው ያንኑ 195,000 ብር ከአንድ ሰው በስውር ተበድሮ ቢሆን ኖሮ በአራተኛው ወር መሸሽ በጀመረ ነበር። ልዩነቱ በገንዘቡ ልክ ሳይሆን በአከፋፈሉ ሥርዓት ነው።

እንግዲህ በረጅም ዕዳ የተያዙ ሰዎች ይህንኑ ሥርዓት ለዕዳቸው ቢያውሉት ምን ይከለክላቸዋል? የሚተዋወቁና የሚተማመኑ አምስት ወይም ስድስት ሰዎች በወር አንድ ቀን ተሰብስበው እያንዳንዱ ደብተሩንና ደረሰኙን ይዞ ቢመጣ፣ የነበረበትን፣ የከፈለውንና የቀረበትን ቢያነብ በቂ ነው። ገንዘብ መበዳደር አያስፈልግም፤ እንዲያውም በመካከላቸው መበዳደር መከልከል አለበት። የሚሰጣጡት ነገር ምስክርነትና ምክር ነው። የከፈለው ይመሰገናል፤ ያልከፈለው ምክንያቱ ይጠየቃል፤ ምስጢሩም ከዚያ ቤት አይወጣም።

የዚህን ጥቅም በቁጥር ማስረዳት ይቻላል። አንድ ሰው በዓመት ከመቶ 12 ወለድ የሚታሰብበት የ600,000 ብር ዕዳ አለበት እንበል። የመጀመሪያው ወር ወለድ ብቻ 6,000 ብር ነው። በየወሩ 6,000 ብር የሚከፍል ሰው ዕድሜውን ሙሉ ቢከፍል ዋናው ገንዘብ አይነካም። 10,000 ብር የሚከፍል ሰው ሰባት ዓመት ከስምንት ወር ያህል ይፈጅበታል። 12,000 ብር የሚከፍል ግን በአምስት ዓመት ከዐሥር ወር ገደማ ይጨርሳል። በወር የተጨመረችው 2,000 ብር ሁለት ዓመት የሚጠጋ ጊዜና ወደ 85,000 ብር ወለድ አዳነች ማለት ነው። ብቻውን የሚከፍል ሰው ይህን ሒሳብ ለመሥራት ልብ አያገኝም፤ ደብተሩን መክፈት ራሱ ያስፈራዋልና። ከባልንጀሮቹ ጋር የተቀመጠ ግን የመጨረሻውን ቀን ያያል፤ መጨረሻው የታየ መንገድም አያደክምም።

የባለገንዘቡም ድርሻ ቀላል አይደለም። ብዙ ባለገንዘቦች ጥቂት ጥቂት መቀበል መብታቸውን የሚያሳጣ ይመስላቸውና «ወይ ሁሉን አምጣ ወይ ፍርድ ቤት እንገናኝ» ይላሉ። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ግን ከዚህ የተለየ ነው። የይርጋው ዘመን በመደበኛው ዐሥር ዓመት ሲሆን፣ ባለዕዳው ወለድ ወይም ከዕዳው ከፊሉን በከፈለ ጊዜ ዕዳውን እንዳመነ ተቆጥሮ ይርጋው ይቋረጣል፤ ዘመኑም እንደ አዲስ መቆጠር ይጀምራል። ስለዚህ በየወሩ የምትቀበለው ትንሽ ገንዘብ የባለገንዘቡን መብት ታጸናለች እንጂ አታጠፋም። ለሁለቱም ወገን የሚያስፈልገው ደረሰኝ ነው። እንደዚሁም በ1958 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕግ የባለዕዳው የሙያ መሣሪያ በፍርድ አፈጻጸም እንዳይያዝ አድርጓል። ምክንያቱም ግልጽ ነው፤ መጋዝ የሌለው አናጢ ዕዳውን በምን ሠርቶ ይከፍላል? በ2013 ዓ.ም. በአዋጅ ቁጥር 1243 የወጣው የንግድ ሕግም የተቸገረ ነጋዴ ከመክሰሩ በፊት ከባለገንዘቦቹ ጋር ተስማምቶ ዕዳውን እንደ ገና የሚያደራጅበትን መንገድ ከፍቷል። የሕጉ አሳብና የሽማግሌዎች አሳብ በዚህ ይገናኛሉ፤ የሚሠራ ባለዕዳ ከወደቀ ባለዕዳ ይሻላል።

ድጋፍ ሲባል ግን ያለ ልክ ዋስ መሆን ማለት አይደለም። በይሉኝታ የተፈረመች አንዲት ፊርማ የሁለት ቤት ምድጃ ስታጠፋ ታይታለች። በዚሁ የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 1922 ዋሱ የሚጠየቅበት ከፍተኛው ገንዘብ በውሉ ካልተወሰነ ዋስትናው እንደማይጸና ተደንግጓል። እንግዲህ ማንም ሰው ልኩን ሳያውቅ፣ ከልኩም በላይ ለመክፈል እንደማይችል እያወቀ ሊፈርም አይገባውም። ዋስ ለመሆን ያልቻለ ባልንጀራ ሌላ ብዙ የሚያደርገው አለው። ከባለዕዳው ጋር ወደ ባለገንዘቡ ቤት ሄዶ ቀነ ቀጠሮ ያስወስናል፤ ሥራ ሲያገኝ ለእርሱ ይመራለታል፤ ዕቃውን ከሌላ ሱቅ ከመግዛት ከእርሱ ይገዛለታል።

ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ድጋፍ ደግሞ ከደግሱ ማረፍ ነው። ባለዕዳ ሠርግ ሲደርስበት እንደ ጎረቤቱ ካልደገሰ፣ ተዝካር ሲያወጣ በሬ ካልጣለ ይነወራል። ያን ነቀፋ በመፍራት የሦስት ዓመት ቁጠባውን በአንድ ቀን ይበትናል፤ እንግዶቹም በልተው ሲወጡ ዕዳው እዚያው ይቀራል። የዕድርና የማኅበር ሽማግሌዎች «ለእገሌ ዘንድሮ ቡናና ቆሎ ይበቃል» ብለው ቢናገሩ፣ ከገንዘብ ስጦታ የሚበልጥ ነገር ሰጡት ማለት ነው።

ይህን የሚቃወሙ እንዳሉ የታወቀ ነው። ባለዕዳን ማባበል ዕዳ መክፈልን ያስንፋል፤ ባለገንዘቡም ልጆች አሉት ይላሉ። ነገሩ እውነት ነው፤ የሰው ገንዘብ ይዞ በስብሰባና በምክር ቀን የሚገፋ ሰው ሊኖር ይችላል። ነገር ግን በየወሩ በስድስት ሰዎች ፊት ደረሰኝ ማሳየት ለአታላይ የሚመች ቦታ አይደለም፤ አታላይ የሚወደው ጨለማን ነው። ሦስት ወር በተከታታይ ያለ ምክንያት ባዶ እጁን የመጣውን ባልንጀሮቹ ራሳቸው ያሰናብቱት፤ ይህ ለታማኞቹ ክብር ነው።

ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ይባላል። ዕዳ ግን እንደ ሎሚ አይከፋፈልም፤ የተበደረው ሰው ራሱ ሊከፍለው ይገባል። የሚከፋፈለው ፍርሃቱና ኀፍረቱ ነው። በየገበያው ያሉ የዕቁብ ዳኞችና የዕድር ሽማግሌዎች መዝገብ መያዝን፣ ቀን መጠበቅንና ምስጢር መሰወርን የለመዱ ሰዎች እንደ መሆናቸው መጠን፣ ይህን ሥራ ለመጀመር ከእነርሱ የተሻለ አይገኝም። ለመነሻ የሚያስፈልገውም አንድ ደብተር፣ አንድ ጸሐፊና በወር አንድ እሑድ ብቻ ነው።