ተራው የማን ነው?

«ትንሽ ቋንቋ ምን ይጠቅማል? አንድነት የሚጸናው በአንድ ቋንቋ ነው» የሚሉ ባልንጀሮች አሉን። እንመልስላቸው።

ግዕዝን በአፍ መፍቻነት የሚናገር ሕዝብ የለም፤ ነገር ግን እንደ ሐይቅ እስጢፋኖስ ባሉ ገዳማት በብራና ስለ ተጻፈ ዛሬም ይነበባል። የጎጃሙ ጋፋት ግን ብዙ አልተጻፈም፤ ቮልፍ ሌስላው በ1947 እ.ኤ.አ. ፈልጎ ያገኘው አራት ተናጋሪዎችን ብቻ ነው። ታዲያ የጋፋት መጥፋት ለአንድነታችን ምን ጨመረ?

ዛሬ ተራው የአርጎባ ነው። የአማርኛ የቅርብ ዘመድ ነው፤ በወሎ ምድር በሾንኬ ይነገራል። አብዛኞቹ አርጎቦች ግን አማርኛና ኦሮምኛ ተናጋሪ ሆነዋል። የ1987 ዓ.ም. ሕገ መንግሥት አንቀጽ 39 በቋንቋ የመጻፍን መብት ሰጥቷል፤ መብት ብቻውን ግን ፊደል አያስቆጥርም።

መምህሮቻችን ሆይ፥ ስለ አርጎባ ከፈረንጅ መጽሐፍ ብቻ ከምንማር ወደ ሾንኬ ላኩን፤ ሽማግሌዎቹ ሳሉ ሰምተን እንጻፍ!