«ሰብር አድርጊ» ከማለታችን በፊት፦ ስለ አራስ እናት የጡት ህመም

ቢስሚላሂ ረሕማኒ ረሒም



ዛሬ የምናነሳው ጉዳይ መስጂድ ደጃፍ ላይ ሲነሳ ወንዱ ሁሉ አንገቱን የሚያቀረቅርበት ነው። ነገር ግን በብዙ ቤቶቻችን ውስጥ ሌሊት ሌሊት እያስለቀሰ ያለ ስለሆነ ዝም ብለን ማለፍ አልቻልንም።

በቅርቡ እንጅባራ ላይ ከዒሻ ሶላት በኋላ አንድ ባጃጅ የሚሠራ ወጣት ጠብቆ አነጋገረን። የመጀመሪያ ልጁ ከተወለደ 5ኛ ቀኑ ነው። «ኡስታዝ፣ ባለቤቴን ሩቅያ ቢቀራላት ብዬ ነበር፤ ዓይን ሳይነካት አልቀረም» አለን። ምን ሆነች ስንለው መሬት መሬቱን እያየ ነገረን። ልጁ ሊጠባ ሲል ጥርሷን ነክሳ ታለቅሳለች። የጡቷ ጫፍ ተሰንጥቆ ይደማል። ልጁ ማልቀስ ሲጀምር ገና ሳትታቀፈው ሰውነቷ ይንቀጠቀጣል። እናቷ «እኛም እንዲሁ ሆነን ነው ያሳደግናችሁ፤ ቻይው» ብለዋታል። ጎረቤት ደግሞ «ቅቤ ቀቢው» ብላለች። እሱም ጭንቅ ሲለው ፋርማሲ ሄዶ የዱቄት ወተት ዋጋ ጠይቆ ተመልሷል። አቂቃው ከነገ ወዲያ ነው፤ ሰው ተጠርቷል።

ዱዓ አደረግንለት። ሩቅያም ዓይንም ሐቅ ነው፣ በዚህ ክርክር የለንም። ግን «ልጁ ጡቱን እንዴት እንደሚይዝ ቀርቦ ያየላት ሰው አለ?» ብለን ስንጠይቀው ዝም አለ። አንድም ሰው አላየላትም።

እውነቱን እንናገር፤ ይህን ጥያቄ የጠየቅነው አዋቂ ሆነን አይደለም። በራሳችን ቤት ተቸግረንበት ስለነበር ነው። መድረሳ ውስጥ የረዷዕን ባብ ቀርተናል። በሻፊዒ መዝሀብ አምስት ጊዜ የተሟላ መጥባት የጡት ዝምድናን እንደሚያጸና፣ ማን ለማን መሕረም እንደሚሆን ጠይቁን፣ እንመልሳለን። የመጀመሪያ ልጃችን ሲወለድና የልጃችን እናት ሌሊት ስታለቅስ ግን የምንለው አንድ ቃል ብቻ ነበረን፦ «ሰብር አድርጊ»። ዛሬ ስናስበው ያ ቃል ለእሷ መድኃኒት አልነበረም፤ ለእኛ ማምለጫ ነበር።

አላህ (ሱ.ወ.) በሱረቱል በቀራህ አንቀጽ 233 ላይ ስለ ማጥባት የደነገገውን ሁላችንም እናውቃለን። ማጥባትን መሙላት ለፈለገ ሁለት ሙሉ ዓመት መሆኑን በየደርሱ እንጠቅሳለን። ሆኖም በዚያው አንቀጽ ውስጥ እናት በልጇ ምክንያት ልትጎዳ እንደማይገባ፣ የእናቲቱ ቀለብና ልብስ በአባት ላይ እንደሆነ፣ ጡት ማስጣልም በሁለቱ ስምምነትና ምክክር እንደሚሆን ተነግሯል። ሁለቱን ዓመት ይዘን «አትጎዳ» የሚለውን ከጣልነው አንቀጹን ለሁለት ከፍለነዋል ማለት ነው።

አሁን ወደ ህመሙ እንምጣ። በመጀመሪያዎቹ ቀናት ትንሽ መቆርቆር የተለመደ ነው። የሚያሰነጥቅ፣ የሚያደማ፣ እናቲቱ ልጇን እንድትፈራ የሚያደርግ ህመም ግን «እናትነት እንዲህ ነው» ተብሎ የሚታለፍ አይደለም። አብዛኛውን ጊዜ ምክንያቱ ልጁ የጡቱን ጫፍ ብቻ መያዙ ነው። ጫፉን ብቻ ሲይዝ ስስ ቆዳው በምላሱና በጠንካራው ላንቃ መካከል ይፈተጋል። በጫፉ ዙሪያ ያለውን ጠቆር ያለ ክፍልም ጨምሮ አፉን ሞልቶ ሲይዝ ግን ጫፉ ወደ ኋላ፣ ወደ ለስላሳው ላንቃ ይደርሳል፤ መፈተጉም ይቀራል። ልጁ ጠብቶ ሲለቅ ጫፉ ጠፍጣፋ ወይም በአንድ ጎን የተጨመቀ መስሎ ከወጣ አያያዙ እንዳልተስተካከለ ምልክት ነው።

ለመሆኑ ይህን የቀድሞ እናቶቻችን በምን አወቁት? በዓይን። እህቷ፣ አክስቷ፣ ጎረቤቷ ስታጠባ እያየች ያደገች ልጅ ተራዋ ሲደርስ እጇ ያውቀዋል። የዛሬዋ እህታችን ግን ዳንግላ ወይም እንጅባራ ላይ አንድ ክፍል ተከራይታ፣ እናቷ ገጠር ሆነው፣ ህጻን ሲጠባ በቅርብ ሳታይ ነው የምትወልደው። በዚያ ላይ የአገራችን ብርድ አለ። ልጁ በጨርቅ ላይ ጨርቅ ተጠቅልሎ እንደ ጥቅል ስለሚታቀፍ ሰውነቱ ከእናቱ ይርቃል፤ አንገቱን ጠምዝዞ ጫፉን ብቻ ይጎትታል። እንግዳ ሲኖር ደግሞ በነጠላ ሸፍና ስለምታጠባ የልጁን አፍ አታየውም።

በማግስቱ ለዚያ ወጣት በሰፈራችን ያለች አንዲት አዋላጅ ነርስ ቤቱ ድረስ ሄዳ አገዘችው። ያደረገችው ነገር ብዙ አልነበረም፤ እሷ እንደነገረችን እንዲህ ነው፦

1. እናቲቱን ጀርባዋን አስደግፋ በምቾት አስቀመጠቻት። ትራስ ጭኗ ላይ አድርጋ ልጁን ወደ ጡቱ ከፍ አደረገች፤ እናት ወደ ልጅ አትጎብጥም፣ ልጅ ወደ እናት ይመጣል።

2. የልጁን ጥቅል ፈታ፣ ሆዱን ከሆዷ አገጣጠመች፤ ብርዱን በላዩ ላይ በጋቢ ከለለች። ጆሮው፣ ትከሻውና ዳሌው በአንድ መስመር ሆኑ።

3. አፍንጫውን በጡቱ ጫፍ ትይዩ አድርጋ ከንፈሩን በጫፉ እየነካካች አፉን እስኪከፍት ጠበቀች። እንደሚያዛጋ ሰው በሰፊው ሲከፍት አገጩ ቀድሞ ጡቱን እንዲነካ አድርጋ አቀረበችው። የታችኛው ከንፈሩ ወደ ውጭ ተገለበጠ፤ ጠቆር ያለው ክፍልም ከታች ይልቅ ከላይ በኩል በዛ ብሎ ታየ።

4. አሁንም ካመማት ጎትታ እንዳታስለቅቀው፣ ንጹህ ትንሽ ጣቷን በአፉ ጠርዝ አስገብታ አላቃው እንደገና እንድትሞክር አሳየቻት።

5. መጀመሪያ ብዙም የማያማትን ጡት እንድትሰጥ፣ ጨርሶ እስኪያለቅስ ሳትጠብቅ ገና አፉን ሲያላውስ እንድታጠባው መከረቻት።

ሲጨርስ ከራሷ ወተት ጥቂት ጠብታ በጫፉ ላይ ቀብታ በአየር እንዲደርቅ ታደርጋለች። ሳሙና ቆዳውን ያደርቃልና አያስፈልግም። ማር ፈጽሞ አይቀባም፤ ማር ሺፋ መሆኑን ብናምንም ዓመት ላልሞላው ህጻን አደገኛ በሽታ ሊያስይዝ እንደሚችል ሐኪሞች ያስጠነቅቃሉ። ሁለቱም ጡቶች ክፉኛ ከተሰነጠቁ ደግሞ ወተቱን በእጅ አልቦ በንጹህ ሲኒ መስጠት ይቻላል፤ ቆዳው እስኪያገግም ወተቱም አይቋረጥም።

ህመሙ በአንድ ቀን ጠፋ አንልም። የመጀመሪያው ለውጥ ግን በዚያው ቀን ታየ፤ ልጁ ሲያለቅስ መንቀጥቀጧ ቀረ። ኮክሬን የተባለው የሕክምና ጥናቶችን የሚገመግም ድርጅት በ2014 እ.ኤ.አ. ባወጣው ግምገማ፣ የሚቀባው ነገር ምንም ይሁን ምን፣ የአብዛኞቹ እናቶች ህመም ከወለዱ ከ7 እስከ 10 ቀን ባለው ጊዜ ውስጥ ወደ ቀላል ደረጃ ይወርዳል። ምንም አለመቀባት ወይም የራስን ወተት መቀባትም በገንዘብ ከሚገዛው ቅባት እኩል ወይም የተሻለ ሊሆን እንደሚችል ጠቁሟል። ስለዚህ እናቲቱ የምትፈልገው ያንን ወሳኝ ሳምንት የሚያሻግራት ሰው ነው።

እኛስ በዚያ ሳምንት ምን እናደርጋለን? በ7ኛው ቀን አቂቃ እንደግሳለን። አቂቃ ሱና ነው፣ ደስታም ነው። ነገር ግን ህመሙ በጠናበት ሰሞን ቤቱን በሰው ሞልተን፣ አራሷን መሐል አስቀምጠን፣ «ወተቷ አልበቃውም መሰለኝ» የሚል ሁሉ አስተያየት እንዲሰጥ እንፈቅዳለን። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ለአባት የሰጠው ፈቃድ 3 ተከታታይ ቀን ነው፤ ህመሙ ሲብስ አብዛኛው አባት ሥራው ላይ ነው። ባጃጅ የሚነዳውማ ያም የለውም።

በ2016 እ.ኤ.አ. የተካሄደው የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከ6 ወር በታች ካሉ ህጻናት የእናት ጡት ብቻ የሚያገኙት 58 በመቶ እንደሆኑ አሳይቷል። የቀሩት ሁሉ በህመም ምክንያት ነው አንልም። ከእነሱ መካከል ግን አንድ ሰው ቀርቦ ቢያያት ኖሮ የማታቆም ስንት እናት ትኖር ይሆን? የዱቄት ወተት ሐራም አይደለም፤ በሕክምና ምክንያት ያስፈለጋት እህት ጥፋተኛ አይደለችም። የሚያሳዝነው ማጥባት እየፈለገች፣ የሚረዳት አጥታ የተወችው ናት።

ቤት ውስጥ የማይታለፍ ምልክትም አለ። ትኩሳት፣ ጡቱ ላይ የቀላና የሚያተኩስ እብጠት፣ ጠብቶ ካበቃም በኋላ የሚቀጥል ማቃጠል፣ በልጁ አፍ ውስጥ ሲጠርጉት የማይለቅ ነጭ ነገር፣ ወይም ልጁ ምላሱን ማውጣት ካልቻለ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ግድ ነው። ጡት ሲቆስልና ሲያብጥ በአብዛኛው ማጥባት ይቀጥላል፤ ማቆም እብጠቱን ሊያብሰው ይችላል። ኤች አይ ቪ በደሟ ያለ እናት ግን ጫፉ ከተሰነጠቀ ቶሎ ባለሙያዋን ታማክር፤ ቁስል ባለበት ወደ ልጁ የመተላለፍ ዕድሉ ይጨምራልና።

ዑመር (ረ.ዐ) በኸሊፋነታቸው ዘመን ድጎማ የሚቆርጡት ጡት ለጣለ ልጅ ብቻ እንደነበር ታሪክ ጸሐፊዎች ዘግበዋል። አንድ ሌሊት ከመዲና ዳርቻ ያረፉ ነጋዴዎችን ሲጠብቁ የህጻን ለቅሶ ሰሙ፤ ደጋግመው ወደ እናቲቱ ተመላለሱ። እሷም ማንነታቸውን ሳታውቅ፣ ድጎማውን ለማግኘት ልጇን ያለ ጊዜው ጡት እያስጣለች መሆኑን ነገረቻቸው። በፈጅር ሶላት እያለቀሱ አሰገዱ፤ ከዚያም ለተወለደ ልጅ ሁሉ ድጎማ እንዲቆረጥ አወጁ። ዑመር «ሰብር አድርጊ» ብለዋት አልሄዱም። ለቅሶውን ተከትለው እስከ ምክንያቱ ሄዱ።

ስለዚህ ወንድሞቻችን! ሚስትህ ስታጠባ ካለቀሰች ወጥተህ አትሂድ። ትራሱን አስተካክል፣ ውሃና አጥሚት አቅርብላት፣ እንግዳውን በመልካም ቃል መልስ፣ የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋን ወይም አዋላጇን ጥራ። መንገድ በሚዘጋበት ቀን ደግሞ ከላይ ያሉትን አምስት ነገሮች አብራችሁ ሞክሩ። እህቶቻችን! መጠየቅ ሀያእን አይነካም፤ እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) የአንሷር ሴቶችን ያመሰገኗቸው ሀያእ ከመማር ስላልከለከላቸው ነው። እናቶቻችን! «ቻይው» ከማለታችሁ በፊት አጠገቧ ተቀምጣችሁ የልጁን አፍ እዩላት፤ እናንተ ያያችሁትን እሷ አላየችም።

ለመስጂዶቻችንም አንድ ሐሳብ አለን። በሴቶች ደርስ በዓመት አንድ ሁለት ጊዜ አንዲት አዋላጅ ነርስ ትጋበዝ፤ ኒካሕ የሚያስሩ ወጣቶችም ስለ መህር ብቻ ሳይሆን ስለ አራስ ቤትም ይነገራቸው። ወጪው የአንድ ሰዓት ጊዜ ነው።

ያ ወጣት ከሁለት ሳምንት በኋላ ከመግሪብ ሶላት ስንወጣ አገኘን። ባጃጁን አቁሞ «ኡስታዝ፣ ትላንት ሌሊት ልጁ ጠብቶ ተኛ፤ እሷም አብራው ተኛች» አለን። አልሐምዱሊላህ።

አላህ አራስ እናቶቻችንን ያሽርልን፣ ልጆቻቸውን ሷሊህ ያድርግልን። ወላሁ አዕለም።

ጽሑፉን ልጅ ለሚጠብቅ ወንድማችሁና እህታችሁ አድርሱ።