መኪናው ሲያለቅስ የሰማችው ባለቤቴ ነበረች

ባለፈው ጥር አንድ ቅዳሜ ጠዋት ሁለቱን ልጆቻችንን ከኋላ አስቀምጠን ከአውሮራ በ225 አውራ ጎዳና ወደ ደቡብ እየሄድን ነበር። ባለቤቴ ሬዲዮውን ዘጋችና "አሁንም አልሰማህም? ይሄ መኪና እኮ እያለቀሰ ነው" አለችኝ። እኔም ሦስት ሳምንት ሙሉ የሰጠኋትን መልስ ደገምኩላት። "የጎማ ድምፅ ነው። የበረዶ ጎማ እንዲህ ነው።" ሬዲዮውንም መልሼ ከፈትኩት።

ፓርከር መንገድ መውጫ ጋ ስንደርስ ከኋላ "ጓ!" የሚል ድምፅ ሰማን። ነዳጅ ስረግጥ ሞተሩ ይጮኻል፣ መኪናው ግን አይሄድም። በነበረን ፍጥነት እየተንከባለልን እንደ ምንም ጥግ ያዝን። ከኋላችን ትልልቅ የጭነት መኪናዎች እየበረሩ ያልፋሉ። ልጆቹ ዝም አሉ። ባለቤቴም ዝም አለች። "ነግሬህ ነበር" ብትለኝ ይሻለኝ ነበር።

መኪናችን እ.ኤ.አ. የ2001 ቶዮታ ፎርረነር ናት፤ በኋላ ጎማ ብቻ የምትነዳው ዓይነት። ለሁለተኛ ዲግሪ ስመጣ ያገለገለች ገዝቼያት ዕድሜ ልኳን ያለ ብዙ ጣጣ ሠርታለች። የሞተር ዘይቷን በጊዜው እቀይራለሁ። ዲፈረንሻሏም የራሱ ዘይት እንዳለው ግን ትዝ ብሎኝ አያውቅም።

ዲፈረንሻል ማለት ከኋላ ሁለቱ ጎማዎች መካከል፣ ከመኪናው ሥር እንደ ዱባ ተነፍቶ የሚታየው ብረት ነው። ሁለት ሥራ አለው። አንደኛ፣ ከካምቢዮ በረጅሙ ዘንግ የሚመጣውን ኃይል አዙሮ ለጎማዎቹ ይሰጣል። ሁለተኛ፣ መኪናው ሲጠመዘዝ ሁለቱ ጎማዎች በተለያየ ፍጥነት እንዲዞሩ ይፈቅዳል። ልጆች እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ መስመር ሲዞሩ አይታችሁ ከሆነ፣ መሃል ያለው ቀስ ብሎ ሲራመድ ዳር ያለው ይሮጣል። ጎማም እንደዚያው ነው። ሁለቱ በአንድ ግትር ብረት ቢታሰሩ በየመታጠፊያው አንዱ እየተጎተተ ጎማ ይበላል።

ጎታች መኪናው ዴንቨር ወዳለ አንድ ጋራዥ ወሰደን። አዲስ ጥርሶችና ኩሽኔታዎች ተገዝተው እንዲገጠሙ 2,600 ዶላር ተጠየቅኩ። ውድ የሆነበት ምክንያት አለው። ትልቁና ትንሹ ጥርስ የሚመጡት ጥንድ ሆነው ነው፤ በመካከላቸው የሚቀረው ክፍተትም ከሩብ ሚሊ ሜትር በታች ተለክቶ መስተካከል አለበት። ልኩ ከተሳሳተ አዲሱም ያለቅሳል።

ያን ዕለት ማታ የማውቃቸው አንድ አባት ጋ ደወልኩ። አዲስ አበባ ተክለ ሃይማኖት አካባቢ ለብዙ ዓመታት መካኒክ ነበሩ፤ አሁን አውሮራ ይኖራሉ።

"ጋሼ፣ ዲፈረንሻሉ ተሰብሮብኝ ነው" አልኳቸው።

"ከመሰበሩ በፊት አላለቀሰም?"

"አልቅሷል።"

"እና አንተ ምን አደረግክ?"

የምመልሰው አልነበረኝም። ሥራዬ ሶፍትዌር ነው። ሲስተም ከመውደቁ በፊት ያወጣውን ማስጠንቀቂያ ችላ ያለ ባልደረባ ሲያጋጥመኝ የምቆጣው እኔ ነኝ።

ጋሼ ያገለገለ ሙሉ ዲፈረንሻል እንድንፈልግ መከሩኝ። አሮጌ መኪኖች የሚፈቱበት ግቢ አብረን ሄድን። "ይሄ እኮ ሶማሌ ተራ ነው፤ ልዩነቱ በረዶው ብቻ" ብለው ሳቁ። ሲመርጡ አንድ ነገር አስተማሩኝ። መልኩ አንድ ስለሆነ ብቻ አይገዛም። በሾፌሩ በር መቃን ላይ ባለው ሰሌዳ የአክስሉ ኮድ ተጽፏል፤ የጥርሱን ሬሾ የሚናገረው እሱ ነው። ሬሾው 4.10 ከሆነ ጎማው አንዴ ሲዞር ዘንጉ 4.1 ጊዜ ይዞራል። በአራቱም ጎማ በሚነዳ መኪና የፊቱና የኋላው ሬሾ ካልተመሳሰለ ሁለቱ ይታገሉና አዲስ ስብራት ያመጣሉ።

በ300 ዶላር ገዛን። በማግስቱ መኪናዋን በክሪክ አንስተን በማቆሚያ ብረት ላይ አስቀመጥን፤ በክሪክ ብቻ የቆመ መኪና ሥር አይገባም። የዘይቱን ቡሎን ስንፈታ ሦስት ሊትር እንኳ የማይሞላው ዕቃ ውስጥ አንድ ብርጭቆ የምታህል ጥቁር ዘይት ወጣች፤ ከሷም ጋር የጥርስ ስባሪ። ዘንጉ የሚገባበት ቦታ ያለው ጎማ መሳይ ማሸጊያ አርጅቶ ነበር። ዘይቱ በጉዞ ላይ ጠብ ጠብ እያለ በነፋስ ስለሚበተን ጋራዣችን ወለል ላይ ምንም አላየሁም። ማንም አልመረመረውም። አገር ቤት ቦሎ ለማደስ መኪናው በየዓመቱ ምርመራ ይገባል። ዴንቨርና አካባቢዋ የሚጠየቀው የጭስ ምርመራ ነው፤ ኮሎራዶ ለግል መኪና ሥሩ ታይቶ ይለፍ የሚባልበት ዓመታዊ ምርመራ የላትም።

ከሰዓት በኋላ ባለቤቴ ሻይ ይዛ መጣች። ጋሼ የተሰበረውን ጥርስ ሲያሳዩዋት በጣቷ ዳሰሰችውና "አባቴ ይሄን ድምፅ 'የብረት እንጉርጉሮ' ይለው ነበር" አለች። አባቷ ኤንትሬ ነጂ እንደነበሩ አውቃለሁ። ልጅ ሳለች አጠገባቸው ተቀምጣ ስትሄድ፣ ሞተር ሲደክምና ኩሽኔታ ሲደርቅ የሚሰማውን ድምፅ እንዳስተማሯት ግን ነግራኝ አታውቅም። ይልቁንስ እኔ ጠይቄያት አላውቅም። ሦስት ሳምንት ሙሉ "የጎማ ድምፅ ነው" ያልኳት ከኔ የተሻለ ጆሮ ያላትን ሰው ነበር። ጋሼም ወደኔ ዞረው "ከመጠምጠም መማር ይቅደም" አሉኝ። ሳቅን፤ እኔ ግን ቀለል አድርጌ አልሳቅኩም። ልጆቹ ከኋላ ነበሩ።

ማታ "ይቅርታ፣ ልሰማሽ ይገባ ነበር" አልኳት። "መኪናውን ነው ወይስ እኔን?" አለችኝ። "ሁለታችሁንም።"

ማሸጊያውን፣ ዘይቱን፣ ጎታቹንና የጋሼን ድካም ጨምሮ 780 ዶላር ወጣ። እናንተ ከዚህ በታች እንድታወጡ ጋሼ ያስተማሩኝን ላካፍላችሁ።

ድምፁ የአስፋልቱ ዓይነት ሲለወጥ ከተለወጠ ጎማ ሊሆን ይችላል። መሪውን በቀስታ ወደ ግራና ቀኝ ስታዘነብሉ ከተለወጠ የጎማ ኩሽኔታን ጠርጥሩ። ነዳጅ ስትረግጡና ስትለቁ ከተለወጠ ዲፈረንሻሉን አስፈትሹ።

ዘይቱን ስታዩ መኪናው ደልዳላ ቦታ ይቁም። ሁልጊዜ መጀመሪያ የላይኛውን፣ የሚሞላበትን ቡሎን ፍቱ። የታችኛውን አፍስሳችሁ የላይኛው አልፈታ ቢል መኪናው ያለ ዘይት ይቀራል። ዘይቱ የላይኛው ቀዳዳ ከንፈር ድረስ መድረስ አለበት። ቡሎኑ ማግኔት ካለው፣ የተጣበቀው ግራጫ ልም ብናኝ የተለመደ ነው፤ በጣት የሚቆጠር ስባሪ ግን አይደለም። የትኛው ዘይት በስንት ማይል እንደሚቀየር የመኪናው መመሪያ ላይ ተጽፏል።

ከሁሉም በፊት ግን፣ አጠገባችሁ የተቀመጠው ሰው "ድምፅ አለ" ካላችሁ ሬዲዮውን ዝጉ።