ከውጫሌ እስከ ጄኔቫ፦ ያልተነበበ ውል

ግጥም የሚጽፍ ሰው ስለ ንግድ ስምምነት ምን አገባው የሚሉ ወዳጆች አሉኝ። ቀረጥና ታሪፍ የኢኮኖሚስት፣ የፓርቲ ሙግት የፖለቲከኛ፣ ቃል ደግሞ የገጣሚ ነው፤ ሁሉም በየድንበሩ ይኑር ባዮች ናቸው። እኔ በዚህ የርስት ክፍፍል አልስማማም። ቀን ቀን ባንክ ቤት ተቀምጬ ውል አስፈርማለሁ፤ ማታ ማታ ስንኝ እቋጥራለሁ። ሁለቱም ሥራዎች ያስተማሩኝ ነገር አንድ ነው፤ ሰው የሚታሰረው በቃል ነው። ደንበኛ የብድር ውሉን ሳያነብ ቢፈርም የሚያስይዘው የራሱን ቤት ነው። መንግሥት ሲፈርም ግን ገና ያልተመረጠው መንግሥትና ገና ያልተወለደው መራጭ ጭምር ይታሰራሉ።

ሙግቴን ከወዲሁ በግልጽ ላስቀምጥ። ዓለም አቀፍ የንግድ ስምምነት በምርጫ ሊለወጥ ይችል የነበረውን ጉዳይ በምርጫ ወደማይለወጥ ጉዳይ ያሸጋግራል። ሕዝብ አውቆትና ተከራክሮበት ሲሆን ይህ የሉዓላዊ ሀገር ውሳኔ ነው። ሕዝብ ሳያነበው ሲሆን ግን ባለቤቱ ያላወቀው ሽያጭ ነው።

ወደ ኋላ እንመለስ። ሚያዝያ 25 ቀን 1881 ዓ.ም. የተፈረመውን የውጫሌን ውል የማያውቅ ተማሪ የለም። አንቀጽ 17 በአማርኛው ቅጂ፣ የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት ከአውሮፓ ነገሥታት ጋር ላላቸው ጉዳይ በኢጣሊያ መንግሥት መጠቀም እንደሚችሉ ይናገራል። በኢጣሊያንኛው ቅጂ ግን በዚያው መንግሥት በኩል ለማድረግ ተስማምተዋል ይላል። በአንድ ግሥ ልዩነት ኢትዮጵያ በአውሮፓ ካርታ ላይ የኢጣሊያ ጥገኛ ሆና ተሣለች። ይህንን ሁላችንም እናውቃለን። ብዙዎቻችን የምንዘነጋው ግን ውሉ በስሙ የወዳጅነትና የንግድ ውል መሆኑን ነው። በመስከረም 1882 ዓ.ም. ራስ መኰንን ኢጣሊያ ሄደው የተፈራረሙት ተጨማሪ ውልም የ4 ሚሊዮን ሊሬ ብድር ነበረበት፤ መያዣውም የሐረር የጉምሩክ ገቢ ነበር። እንግዲህ በዓድዋ ተራሮች ደም ያፋሰሰው ጉዳይ ከንግድ፣ ከብድርና ከጉምሩክ ጋር በአንድ ከረጢት የመጣ ነው።

ዓድዋ የውጫሌን ውል ቀደደ። ታሪኩን እዚያ ላይ ማቆም እንወዳለን፤ ከበሮውም እዚያ ላይ ይመታል። ከድሉ 12 ዓመት በኋላ፣ በ1900 ዓ.ም.፣ ክሎቡኮውስኪ ከተባለው የፈረንሳይ መልእክተኛ ጋር የተፈረመውን የወዳጅነትና የንግድ ውል ግን ስንቶቻችን እናስታውሳለን? በዚያ ውል መሠረት የፈረንሳይ ዜጎች በኢትዮጵያ ምድር ላይ ከኢትዮጵያ ዳኛ ሥልጣን በአብዛኛው ወጡ። ከውጭ በሚገባ ሸቀጥ ላይ የሚጣለው ቀረጥም ከ10 ከመቶ እንዳያልፍ ጣሪያ ተበጀለት። ሌሎች መንግሥታትም ለፈረንሳይ የተሰጠው ለእኛም ይሰጠን እያሉ በዚያው በር ገቡ። ይህን ያህል ጦር ድል ያደረገች ሀገር በገዛ ኬላዋ የገዛ ቀረጧን ለመጨመር የባዕድ ቆንስላ ፊት ማየት ግድ ሆነባት። ዘፈን አልወጣለትም፤ ፉከራም አልተፎከረበትም። ውል በጸጥታ ሲገባ አገር አይሰማም።

የእኔው የሙያ ዘርፍም ከዚህ ታሪክ ውጪ አይደለም። የመጀመሪያው ባንካችን፣ የአቢሲኒያ ባንክ፣ ሥራውን የጀመረው በ1898 ዓ.ም. ነው። ዐፄ ምኒልክ መርቀው ከፈቱት፤ ባለፈቃዱ ግን በእንግሊዞች ተጽዕኖ ሥር የነበረው የግብፅ ናሽናል ባንክ ነበር። የፈቃዱ ዘመን 50 ዓመት ሲሆን፣ የገንዘብ ኖት የማውጣት ብቸኛ መብትና ሌላ ባንክ እንዳይቋቋም የሚከለክል ዋስትና አብሮ ተሰጥቶት ነበር። ስለዚህ በ1923 ዓ.ም. ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ የራሷ የኢትዮጵያ የሆነ ባንክ ለማቋቋም ሲነሡ፣ የፈቃዱ ዘመን ሳያልቅ ካሣ ከፍለው መግዛት ነበረባቸው። አንድ መንግሥት የፈረመውን ለማስፈታት ተከታዩ መንግሥት ከፈለ። ይህን የሂሳብ ስሌት አንባቢ በልቡ ይያዝልኝ፤ እመለስበታለሁ።

“ያ የቅኝ ገዥዎች ዘመን ነበር፤ ዛሬ ማንም በግድ አያስፈርምም” የሚል ሰው ይኖራል። እውነት ነው፤ ዛሬ የሚፈረመው በፈቃድ ነው። የስሌቱ ሥርዓት ግን አልተለወጠም። ጄኔቫ የተቀመጠው የዓለም ንግድ ድርጅት አባል የሚሆን አገር በየሸቀጡ ላይ ከዚህ በላይ ቀረጥ አልጥልም ብሎ ጣሪያ ያስመዘግባል፤ በባንክ፣ በመድን፣ በቴሌኮም የመሳሰሉትን የአገልግሎት ዘርፎችም ለውጭ ድርጅቶች ምን ያህል እንደሚከፍት በሠንጠረዥ ቃል ይገባል። ነገ በምርጫ ያሸነፈ ሌላ ፓርቲ ያንን ጣሪያ ላንሣ ወይም በሩን መልሼ ላጥብ ቢል፣ ከሚመለከታቸው አገሮች ጋር ተደራድሮ ማካካሻ መስጠት አለበት፤ ካልሆነ የአጸፋ እርምጃ ይጠብቀዋል። የ1923ቱ ካሣ ስሙን ለውጦ መጣ ማለት ነው።

ይህ በፓርቲ ፖለቲካ ላይ ምን እንደሚያደርግ ከካናዳ የተሻለ ምሳሌ አላውቅም። እ.ኤ.አ. በኅዳር 1988 የካናዳ ሕዝብ ከአሜሪካ ጋር ስለተደረገው የነፃ ንግድ ስምምነት ሲከራከር ሰንብቶ መረጠ። ስምምነቱን የደገፈው የመልሩኒ ወግ አጥባቂ ፓርቲ ከድምፁ 43 ከመቶ ያህል አግኝቶ ከ295 መቀመጫ 169ኙን ያዘ፤ ስምምነቱን የተቃወሙት ሁለቱ ዋና ፓርቲዎች በድምሩ ከግማሽ በላይ ድምፅ ቢያገኙም ተሸነፉ። እ.ኤ.አ. በ1993 ደግሞ ሜክሲኮን ያካተተው ሰፊው ስምምነት፣ ናፍታ፣ ሲመጣ ሊበራሎቹ እንደገና እንደራደርበታለን ብለው ለምርጫ ቀረቡ። አሸነፉ። ወግ አጥባቂዎቹ 2 መቀመጫ ብቻ ቀራቸው። ናፍታ ግን ጽሑፉ ሳይነካ እ.ኤ.አ. ጥር 1 ቀን 1994 ሥራ ላይ ዋለ፤ ያጸናውም እንደራደርበታለን ያለው የክሬቲየን መንግሥት ነው። ፓርቲው ወደቀ፤ ውሉ ቆመ። ቢሆንም ካናዳውያን ቢያንስ አንድ ጊዜ ተጠይቀዋል፤ ውሉ በሚያነቡት ቋንቋ ተጽፎ፣ በየአደባባዩ ተተንትኖ፣ መሪዎቻቸው በቴሌቪዥን ፊት ለፊት ተሟግተውበታል።

እኛስ? ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ያመለከተችው በጥር 1995 ዓ.ም. ነው። የድርድሩ የሥራ ቡድን የመጀመሪያ ስብሰባውን በ2000 ዓ.ም.፣ አራተኛውን በጥር 2012 ዓ.ም.፣ አምስተኛውን በመጋቢት 2017 ዓ.ም. አካሄደ። በእነዚህ ዓመታት ውስጥ ምርጫዎች መጥተው ሄደዋል፤ ኢሕአዴግ ፈርሶ ብልጽግና ተተክቷል። የባንክ ዘርፍ ለውጭ ባለሀብት እንደማይከፈት ለዓመታት እንደ ዶግማ ሲነገረን ኖሮ፣ ታኅሣሥ 8 ቀን 2017 ዓ.ም. የተወካዮች ምክር ቤት የባንክ ሥራ አዋጅ ቁጥር 1360/2017ን አጸደቀ። የውጭ ባንኮች ቅርንጫፍና ተቀጥላ ባንክ መክፈት ተፈቀደላቸው፤ በሀገር ውስጥ ባንክም እስከ 49 ከመቶ የሚደርስ አክሲዮን በውጭ ባለሀብቶች እጅ ሊገባ ይችላል።

የባንክ ሠራተኛ ስለሆንሁ ለእንጀራዬ የምከራከር የሚመስለው አንባቢ ይኖር ይሆናል። እኔ የተዘጋ በር ጠበቃ አይደለሁም። የተዘጋው በር ለድሃው ገበሬም ሆነ ለጀማሪው ነጋዴ ብድር እንዳላቀለለለት በየቀኑ ከጠረጴዛዬ ማዶ አያለሁ፤ ቤትና ሕንፃ የሌለው ሰው በሀገሩ ባንክ ፊት ባዕድ ነው። ውድድር ይህን ይለውጥ ይሆናል። ክርክሬ ስለ በሩ መከፈት አይደለም፤ ስለ መቀርቀሪያው ነው። አዋጅ የከፈተውን በር ነገ የሚመረጥ ምክር ቤት በሌላ አዋጅ ሊያጠበው ይችላል። ያው በር በጄኔቫ ሠንጠረዥ ላይ ከተመዘገበ ግን መቀርቀሪያው ወደ ውጭ ይዞራል። ታዲያ መቀርቀሪያው እንዲዞር ወይም እንዳይዞር የጠየቀን ማን ነው? ገዥው ፓርቲ “ተደማሪ ጥቅም አለው” ይላል፤ ተቃዋሚው “ሉዓላዊነት ተሸጠ” ይላል። የትኛው ዘርፍ፣ ከየትኛው ዓመት ጀምሮ፣ በምን ያህል ጣሪያ የሚለውን ግን ሁለቱም ወገን ለመራጩ በቁጥር ሲነግሩት አልሰማሁም። አንዱ በተስፋ፣ ሌላው በፍርሃት ያስፈርመናል፤ ውሉን ግን ሁለቱም አያነቡልንም።

ሕጋችን በዚህ ነገር ዝም አላለም። የሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 55 አስፈጻሚው አካል የሚዋዋላቸውን ዓለም አቀፍ ስምምነቶች የተወካዮች ምክር ቤት እንዲያጸድቅ ሥልጣን ይሰጣል፤ አንቀጽ 9 የጸደቀው ስምምነት የሀገሪቱ የሕግ አካል እንዲሆን ያደርጋል፤ አንቀጽ 12 የመንግሥት አሠራር ለሕዝብ ግልጽ እንዲሆን ያዛል። ነገር ግን ማጽደቅ የሚመጣው ከድርድርና ከፊርማ በኋላ ነው። ምክር ቤቱ አዎን ወይም አይሆንም ይላል እንጂ አንድ አንቀጽ አርሞ ማስገባት አይችልም። የገበያ መክፈቻው ድርድር በባሕርዩ በዝግ የሚካሄድ ነው፤ የድርጅቱ የሥራ ቋንቋዎችም እንግሊዝኛ፣ ፈረንሳይኛና ስፓኒሽ ናቸው። በዚህ መንገድ የመጣ ውል ላይ የሚደረግ የምክር ቤት ክርክር፣ ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ ከሚለው ተረት አይርቅም።

ስለዚህ የምጠይቀው ሦስት ነገር ነው። አንደኛ፣ መንግሥት የሚገባውን ቃል ከመፈረሙ በፊት፣ ከነሠንጠረዡ፣ በአማርኛና በሌሎችም የሀገሪቱ ቋንቋዎች ለሕዝብ ያቅርብ። ሁለተኛ፣ ማንኛውም ለምርጫ የሚቀርብ ፓርቲ የትኛውን ዘርፍ በውል እንደሚያስር፣ የትኛውን በአዋጅ ብቻ እንደሚተው በፕሮግራሙ ይጻፍ፤ ሉዓላዊነት የሚለውን ቃል በመፈክር ከመጥራት ይልቅ በቁጥር ያሳየን። ሦስተኛው ጥያቄ ለእናንተ ለሥነ ጽሑፍ ወዳጆች ነው። “ይችላሉ” እና “ተስማምተዋል” በሚሉ ሁለት ግሦች መካከል አንድ ጦርነት ያለፈባት አገር ልጆች ነን። የልብ ወለድ ገጸ ባሕርይ አንድ ቃል ሲስት ለሳምንት የምንከራከር ሰዎች፣ የሀገር ውል በባዕድ ቋንቋ ሲጻፍ ይህ የእኛ ሙያ አይደለም ብለን ፊታችንን ማዞር አይገባንም። ሕግ አዋቂው ስለ ግዴታው፣ ኢኮኖሚስቱ ስለ ትርፉ ይንገረን፤ ቃሉ በአማርኛ ምን እንደሚል መጠየቅ ግን የእኛ ድርሻ ነው።

በ1881 ዓ.ም. የአማርኛው ቅጂ ቢያንስ ነበረ። ዐፄ ምኒልክ ውሉን ሲያፈርሱ “እኔ የፈረምሁት ይህን ነው” ብለው የሚያሳዩት ጽሑፍ በእጃቸው ነበራቸው። እኛ ነገ ልጆቻችን ሲጠይቁን የምናሳያቸው የትኛውን ቅጂ ነው?