ፊትን በመርፌ ማረስ

በቅርቡ ከአንድ ወዳጃችን ቤት ለሻይ ተጠርተን ስንጫወት፥ ከመስተዋቱ ሥር አንዲት ትንሽ ዕቃ አየን። እጀታዋ የጢም መላጫ ይመስላል፤ በምላጩ ፈንታ ግን ዙሪያዋን ጥቃቅን መርፌ የተተከለባት ተሽከርካሪ አለች። ዴርማሮለር ትባላለች። ወዳጃችን የብጉር ጠባሳውን ለማጥፋት ሲል ማታ ማታ በጉንጩ ላይ ያንከባልላታል፤ እኅቱም ትዋሰዋለች። «በአልኮል እንጠርጋታለን እኮ!» አለን። እኛም ሻያችንን ጠጥተን ዝም አልን። ዝምታው ስላልተስማማን ይህን እንጽፋለን።

ነገሩ ከመሠረቱ ከንቱ አይደለም። ቆዳ በመርፌ ሲወጋ፥ ቁስሉን ለመድፈን ሲል ኮላጅን የሚባለውን፥ እንደ ቤት ማገር ደግፎ የሚይዘውን ነገር፥ እንደ አዲስ ያበጃል። ካሚራንድና ዱሴ የተባሉ የካናዳ ሐኪሞች እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1997 (ከዚህ በታችም የምንጠቅሰው በዚሁ አቆጣጠር ነው) ጠባሳን ቀለም በሌለው የንቅሳት መሣሪያ ወግተው መሻሻሉን ጻፉ። ተንከባላዩን መሣሪያ ያስፋፋው ደግሞ ዴዝሞንድ ፈርናንዴስ የሚባል የደቡብ አፍሪካ ሐኪም ነው። በመርፌ መወጋት ለአገራችን ሰው እንግዳ ነገር አይደለም፤ ግንባሯን፥ አንገቷን ወይም ድዷን የተነቀሰች እናት ያላየ ማን አለ? እርሷ ግን የተወጋችው ምልክቱ እንዲቀር ነበር፤ የዛሬው ወጣት የሚወጋው ምልክቱ እንዲጠፋ ነው።

ቁም ነገሩ ያለው በመርፌው ርዝመት ላይ ነው። የፊት ላይኛው ቆዳ ውፍረቱ ከ0.1 ሚሊሜትር እምብዛም አይርቅም፤ ጠባሳው ሥር የሰደደው ግን ከዚያ በታች፥ ደም በሚመላለስበት በውስጠኛው ቆዳ ነው። ለቤት ተብለው የሚሸጡት መርፌዎች አብዛኛውን ጊዜ 0.2 ወይም 0.3 ሚሊሜትር ናቸው፤ ሐኪም የሚጠቀምባቸው ከ0.5 ተነሥተው እስከ 2 ሚሊሜትርና ከዚያም በላይ ይደርሳሉ። እንግዲህ ገዢው ከሁለት አንዱን ይገዛል፤ ወይ ጎድጓዳውን ጠባሳ የማይደርስበትን፥ ወይ በሐኪም እጅ ሊያዝ የሚገባውን። ረጅሙንም ቢሆን ያለ ጠያቂ የሚሸጥ ነጋዴ አይጠፋም።

የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር በ2018 ስኪንፔን የተባለውን መሣሪያ ዕድሜያቸው 22 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆኑ ሰዎች የፊት ብጉር ጠባሳ ፈቀደ፤ ይኸውም በባለሙያ እጅ እንዲሠራ ነው። ሰው ራሱ ገዝቶ በቤቱ እንዲጠቀምበት የፈቀደው እንዲህ ያለ የሕክምና መሣሪያ እንደሌለም ለሕዝብ አስታውቋል። ታዲያ በገበያ የሞላው ከወዴት መጣ? ሕያው ወደ ሆነው የቆዳ ክፍል የማይዘልቅና ሻጩም ፈውስ ያልተናገረለት ዕቃ እንደ ሕክምና መሣሪያ አይቈጠርም። ስለዚህ ነጋዴው በካርቶኑ ላይ «ቆዳን ያለሰልሳል» ብሎ ይጽፋል፤ ገዢው «ጠባሳን ያጠፋል» ብሎ ያነበዋል። በዚህ በንባቡ ላይ ሕግ የሚይዘው ሰው የለም።

ጉዳቱ ለእኛ ይበልጥ ይቀርባል። ጠቆር ያለ ቆዳ ሲቈስል ጥቁር ነጠብጣብ ትቶ የመሄድ ጠባይ አለው፤ ኬሎይድ የሚባለው ያበጠ ጠባሳም በጥቁር ሕዝብ ላይ ይበዛል። ያልዳነ ብጉር ላይ ሲንከባለል ደግሞ መግሉንና ተሕዋስያኑን ለጤናማው ቆዳ ያከፋፍላል። ቅባቱም ቢሆን መርፌ በከፈተው በር ሲገባ ሌላ ነገር ነው፤ በ2014 የአሜሪካ ሐኪሞች ከመርፌው ጋር የውበት ቅባት የተቀቡ ሦስት ሴቶች ፊታቸው ላይ ጠጣር እብጠት እንደ ወጣባቸው ጽፈዋል።

ከሁሉ የሚያስፈራን ግን መዋዋሱ ነው። የጉበት በሽታ የሚያመጣው ሄፓታይተስ ቢ ከሰውነት ውጭ ቢያንስ 7 ቀን ይቈያል፤ በመርፌዎቹ መካከል የደረቀውንም ደም በጥጥ መጥረግ አያነጻውም። በኒው ሜክሲኮ ክፍለ አገር በአልበከርኪ ከተማ አንድ የውበት ቤት የሰውን ደም ቀድቶ በመርፌ መልሶ ፊቱን ይወጋ ነበር፤ በ2018 ተዘጋ። ለአንድ ጊዜ ብቻ የተሠሩ ዕቃዎችን ደጋግሞ ሳይጠቀምባቸው እንዳልቀረና በደንበኞቹ ላይ የኤች አይ ቪ ቫይረስ መተላለፉን የአሜሪካ የበሽታ መቈጣጠሪያ ማዕከል በ2024 ባወጣው ጽሑፍ ገልጿል። ያ የሆነው በሱቅ እንጂ በመኖሪያ ቤት አይደለም ይባል ይሆናል። መርፌው ግን ያለበትን ቤት አይለይም።

ይህን ሁሉ ለወዳጃችን ነገርነው፤ መጀመሪያ ብጉሩን ለቆዳ ሐኪም እንዲያሳይም መከርነው። ለሐኪሙ ቀጠሮ ይዟል። መሣሪያዋን ግን አልጣላትም፤ ለእኅቱ ሌላ ገዛላት።