"አዲስ አበባ አለ አይደል?" ለምትሉኝ

ባለፈው ስለ ጨረር ሕክምና የጻፍኳትን አይታችሁ "ቲቸር፣ አዲስ አበባ አለ አይደል እንዴ?" ያላችሁኝ ብዙ ናችሁ። አለ። 400 ኪሎ ሜትር ርቆ አለ።

የአንድ የድሮ ተማሪዬ አባት የደሴ ዙሪያ ገበሬ ናቸው። ከጆሯቸው ሥር እብጠት ወጣባቸው። ስለማያማቸው ዝም አሉት፤ ጥርስ ነው ተባለ፣ ብርድ ነው ተባለ። አንድ ዓይናቸው አልከደን ብሎ አፋቸው ወደ ጎን ሲጣመም ነው ሐኪም ቤት የሄዱት። የምራቅ እጢ ካንሰር። ኦፕራሲዮን ተደረጉ፣ እሱ ጥሩ ሆነ። ከዚያ "ቁስሉ እንደዳነ ሳይቆይ ጨረር ያስፈልግዎታል" ተባሉ።

ጨረሩ ለጌጥ አይደለም። ቢላ ያልደረሰበት ሴል ይቀራል፤ አንዳንዱ ዓይነትማ የፊትን ነርቭ ተከትሎ ነው የሚሄደው። ስለዚህ ከቀዶ ጥገናው በኋላ በስድስት ሳምንት ገደማ ውስጥ መጀመር አለበት። በሳምንት 5 ቀን፣ በጠቅላላው 30 ጊዜ ያህል። አንዱ ዙር ደቂቃዎች ብቻ ይፈጃል። ለደቂቃዎች ሕክምና የስድስት ሳምንት የቤት ኪራይ!

ልጁ በሬ ሸጠ። ወረፋው ሲደርሳቸው አምስት ወር አልፎ ነበር። እብጠቱም ተመልሷል።

ሐኪሞቹን አልወቅስም። ፊዚክስ ያስተማርኳችሁ ኮባልት 60ን አትረሱትም፣ ሃፍ ላይፉ 5 ዓመት ከምናምን። አገር ሙሉ ለዓመታት ጥቁር አንበሳ ሄዶ የሚታከመው በዚሁ ነበር። ምንጩ በደከመ ቁጥር አንዱ በሽተኛ ማሽኑ ሥር የሚቆይበት ጊዜ ይረዝማል፣ ወረፋውም አብሮ ይረዝማል (ፈተና ላይ አምጥቼው ግማሻችሁ ስታችሁታል)። አሁን ሊኒየር አክሰለሬተር ገብቷል፣ ጅማም ጀምራለች፣ ጎሽ። ግን ከኩታበር ለሚነሳ ሰው ጅማ ከአዲስ አበባም ያልፋል።

"ደሴ መብራት ይጠፋል፣ ባለሙያም የለም" ትላላችሁ። ጅማ መብራት ከሰማይ ይወርድላታል? ማሽን በሌለበትስ የትኛው ባለሙያ ነው መጥቶ የሚቀመጠው?

ለወሎ ተርሸሪ ሆስፒታል ያዋጣችሁ፣ ደሴም ኮምቦልቻም ያላችሁ፣ ውጭ አገር ያላችሁም፣ አንድ ነገር ጠይቁልኝ። የጨረር ክፍል ወፍራም የኮንክሪት ግድግዳ ይፈልጋል፤ ከመነሻው ፕላን ላይ ካልገባ በኋላ ማፍረስ ነው። የትኛው ብሎክ ላይ ነው ያለው?

"አዲስ አበባ አለ" የምትሉ ደግሞ የቤት ሥራ አለባችሁ። የሁለት ሰው ትራንስፖርት፣ የ42 ቀን አልጋና ምግብ፣ ሲካፈል ለአንድ በሬ ዋጋ። መልሱን ኮሜንት ላይ አስቀምጡ።